ለቤት የሚሆን ግራሞፎን ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በብዙ የከተማ ቤት፥ ይልቁንም ወላጆቻቸው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደመወዝተኞች ወይም ነጋዴዎች ከነበሩ ሰዎች ዘንድ፥ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ በታች የተቀመጠ አንድ ካርቶን አይታጣም። ካርቶኑ ሲከፈት በወረቀት ልባስ የተሸፈኑ ጥቋቁር ሸክላዎች ይገኙበታል። ማጫወቻው ግን ከተሰበረ ወይም ከተሸጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሸክላው አለ፤ ድምፁ የለም። የቤቱ ባለቤትም አባቱ ወይም እናቱ በሕይወት ሳሉ ያን ድምፅ እንደ ገና ሊያሰማቸው ይፈልግና «እንዴት ያለ ግራሞፎን ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬው ንግግራችን ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው።

ይህን ስንናገር በሐሳባችን ፊት ያቆምነው በይርጋጨፌ ከተማ የሚሠራውን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ ምን ይርጋጨፌ ተመረጠች የሚል ቢኖር ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ነዋሪ የገዛው ዕቃ ቢበላሽበት በማግሥቱ ወደ ሻጩ ወይም ወደ ጠጋኙ ይመለሳል። በሐዋሳና በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከዋናው ከተማ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር አስተማሪ ወይም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን አንዲት መርፌ ለመለወጥ የጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርበት ነው። በዚህም ላይ የጌዴኦ ምድር ደጋግሞ ዝናብ የሚያገኝ፥ ቡናውም እንሰቱም በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት እርጥብ አገር ነው። ይህ የጥላ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንዲጻፍ ያደረገው ክብሩ ነው፤ ለወረቀትና ለሸክላ ልባስ ግን እርጥበቱ ወዳጅ አይደለም። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ የቀዩ አፈር አቧራ ይተካል። መብራትም ሳያስጠነቅቅ የሚሄድበትና የሚመለስበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ለይርጋጨፌ ቤት የሚስማማ ማጫወቻ ለሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ እንደሚስማማ አያጠራጥርም።

ብዙ ሰው ግራሞፎን ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያየው የሣጥኑን እንጨት፥ የመለከቱን ናስ ወይም የሻንጣውን ቀለም ነው። በእኛ አስተያየት ግን ገዢው አስቀድሞ መመርመር ያለበት በቤቱ ያለውን ሸክላ ነው። የይርጋጨፌ ሰው ይህን ነገር ከቡናው ሥራ ያውቀዋል። ቀዩ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲገባ መፈልፈያው ከፍሬው መጠን ጋር ካልተስተካከለ ፍሬውን ይሰባብረዋል፤ የተሰበረውንም ፍሬ ከዚያ በኋላ የሚደረግለት እጥበትና የአልጋ ላይ ማድረቅ አያድነውም። መርፌና ሸክላም እንደዚሁ ናቸው። ከቦዩ ስፋት ጋር ያልተስማማ ወይም ከልኩ በላይ የከበደ መርፌ በዞረ ቁጥር ድምፁን እየፋቀ ይሄዳል፤ የተፋቀውም አይመለስም።

ሸክላ የሚለው ስም ራሱ ለገዢው የሚጠቅም ነገር አለው። ሕዝባችን ይህን ስም ያወጣለት ከእጅ ሲወድቅ እንደ ምጣድና እንደ ጀበና የሚሰበር ሆኖ ስላገኘው ይመስላል። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሸክላ ከጭቃ የተሠራ አይደለም። በህንድና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች በዛፍ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሼላክ የሚባል ሙጫ ከደቀቀ የድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በጋለ ማተሚያ የተጨመቀ ነው። ይህ ዓይነቱ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል፤ ከባድ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል፤ የተለመደው መጠኑ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይጫወታል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ትልቁን የፕላስቲክ ሸክላ አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት አር.ሲ.ኤ. ቪክቶር የተባለው ተፎካካሪው 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን አስከተለ። ፕላስቲኩ የማይሰበር ቢሆንም ሕዝቡ የቀድሞውን ስም አልነጠቀውም፤ ሁሉም ሸክላ ተብለው ቀሩ። ገዢው ግን በስም አንድ የሆኑትን በዓይኑና በእጁ መለየት አለበት።

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት የሚገኘው ትንሹ ባለ 45 ነው። ምክንያቱንም ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የድምፅ ማኅደር ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጸው ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ፤ ግርማዊነታቸውም ከሰሙት በኋላ፥ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንደ ታዘዘው፥ ጥቅሉ እንዲጠፋ ተደረገ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ ጀርመን አገር ተልከው የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በበርሊን ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከጦርነቱ በኋላ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሲኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ያን ገደብ ተሻግሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያውም ዘፋኝ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአምሃ፥ የካይፋና የፊሊፕስ ምልክት ያለባቸው ትንንሽ ሸክላዎች በየሙዚቃ ቤቱና በየቡና ቤቱ ተሠራጩ። ጥላሁን ገሠሠም፥ ብዙነሽ በቀለም፥ ማሕሙድ አሕመድም በዚህ መንገድ ወደ መኖሪያ ቤት ገቡ። በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሆነ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ አቆመው፤ ካሴትም እየበዛ ሄዶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የሸክላውን ስፍራ ወሰደ። ካርቶኑ ከአልጋ በታች የገባው በዚያን ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ መመለስ ይገባናል። «ዘፈኑ ሁሉ በእጅ ስልክ ላይ በነጻ ሲገኝ ማጫወቻ መግዛት ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ፤ አነጋገራቸውም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም ባወጣቸው ተከታታይ ሲዲዎች ከዚያ ዘመን ሥራ ብዙው እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ስለዚህ በቤታችሁ አንድም ሸክላ ከሌለ ግራሞፎን አትግዙ እንላለን፤ በዚያው ገንዘብ ጥሩ ድምፅ ማጉያ መግዛት የተሻለ ነው። ነገር ግን በድጋሚ ያልታተመ ሸክላም ብዙ ነው። በቤታችሁ ካርቶን ውስጥ ያለው ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ርካሽ ነው ተብሎ በተገዛ መጥፎ መርፌ ሃያ ጊዜ ማጫወት፥ የአያትን የእጅ ጽሑፍ ለሕፃን መጫወቻ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። በእጅ በማኖቬላ ተጠምዝዞ በሞላ ኀይል የሚዞረው፥ ባለ መለከቱ ግራሞፎን የብዙ ሰው ምኞት ነው። ለይርጋጨፌም፥ መብራት የማይፈልግ በመሆኑ፥ እጅግ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የተሠራው ለባለ 78ቱ ብቻ ነው። በሸክላው ላይ የሚያርፈው ክብደት 100 ግራምና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ መርፌውም ብረት ሆኖ አንድ ገጽ ከተጫወተበት በኋላ የሚጣል ነው። የቀድሞው ሸክላ ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ስለሆነ ይህን ጭነት ይችለዋል። ባለ 45ቱን የጥላሁን ሸክላ ከዚህ በታች ብታስቀምጡት ግን በአንድ ጨዋታ ታርሶ ያድራል። ደግሞም በአሁኑ ዘመን በህንድ አገር ለጌጥ ያህል የሚሠሩ፥ ናሳቸው የሚያብለጨልጭ፥ የውሻና የመለከት ሥዕል የተለጠፈባቸው አዳዲስ «ጥንታውያን» ግራሞፎኖች በየገበያው አሉ። ሳሎን ያሳምራሉ፤ ሌላ ጥቅማቸው አይታየንም። እውነተኛ የቆየ ባለ ማኖቬላ ያጋጠመው ሰው፥ ባለ 78 ሸክላም ካለው፥ ሞላው ሳይንገራገር ሙሉ ገጽ መጨረሱን አይቶ ቢገዛ መልካም ነው።

ሁለተኛው በሻንጣ መልክ የተሠራው፥ ድምፅ ማጉያው በውስጡ ያለ አነስተኛ ማጫወቻ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ለመሸከም ይመቻል፤ ስጦታም ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እርሱ ነው። ጉድለቱ በክንዱ ላይ ነው። የብዙዎቹ መርፌ ከ5 እስከ 6 ግራም ያህል ተጭኖ ይሄዳል፤ የሚቀነስበትም ብሎን የለውም። በሚገባ የተሠራ ማጫወቻ መርፌ ግን 2 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ጥቂት ይመስላል፤ መርፌው የሚያርፍባት ነጥብ ከጸጉር የቀጠነች መሆንዋን ያሰበ ሰው ግን ይረዳዋል። ከዚህም ሌላ ድምፅ ማጉያውና መርፌው በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ተቀመጡ የማጉያው መንቀጥቀጥ ወደ መርፌው ይመለሳል፤ የወፍራሙ ድምፅ በበረታ ጊዜ መርፌው ይዘላል። ለልጆች መለማመጃ ይሆን ይሆናል፤ ለአባት ሸክላ ግን አንመክርም።

በቀድሞ ዘመን በብዙ ሹማምንትና ነጋዴዎች ሳሎን ይታይ የነበረው፥ ሬዲዮና ማጫወቻ በአንድ ረጅም የእንጨት ሣጥን የተሠሩበት ራዲዮግራም፥ ዛሬም አልፎ አልፎ ለሽያጭ ይቀርባል። እንጨቱ ያማረ ነው። ነገር ግን ሳህኑን የሚያዞረው የጎማ መንኰራኵር በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ የማጉያው ዕቃዎችም ያረጃሉ። ብዙዎቹ ስድስትና ስምንት ሸክላ በላይ በላዩ ደራርበው አንዱ ሲያልቅ ሌላውን የሚጥሉ ናቸው፤ ይህም በዘመኑ እንደ ታላቅ ሥልጣኔ ይቈጠር የነበረው ጥበብ ሸክላን በሸክላ ላይ ስለሚያፋትግ ለቅርስ ጥበቃ አይሆንም። በእጃችሁ ጥሩ ጠጋኝ ካለ ግዙት። ከሌለ ሣጥኑን ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚገዛ ሌላ ሰው አይታጣም።

እንግዲህ እኛ የምንመክረው፥ ማጫወቻው ለብቻው፥ ማጉያውና ሁለቱ ስፒከሮች ለብቻቸው የሆኑበትን ነው። እንዲህ ያለውን ስትመርጡ ክንዱ በስተ ኋላው የሚዞር ሚዛን እንዳለው እዩ፤ በዚያ ሚዛን የመርፌው ክብደት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ትንሽ የወርቅ ሚዛን ያለው ወዳጅ ካላችሁ መርፌውን በላዩ አሳርፋችሁ ልኩን ማንበብ ትችላላችሁ። ጫፉ ከአልማዝ የተሠራ ይሁን፤ በብዙ መቶ ሰዓት የሚቈጠር ያገለግላል። ከማጫወቻው ጋር አብራችሁ ሁለተኛ መርፌ ግዙ። ይህን እንደ ቅንጦት አትዩት፤ በይርጋጨፌ የመለዋወጫ ሱቅ የምትሆንላችሁ የራሳችሁ መሳቢያ ናት። በካርቶናችሁ ባለ 78 ከተገኘ ሳህኑ 78 መዞሩን ጠይቁ፤ አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ ይህን ትተዋልና። ለእርሱም ሌላ መርፌ ያስፈልገዋል፤ ጫፉ ከባለ 45ቱ አራት እጥፍ ያህል የሚሰፋ ነው። አንዳንዱ ባለ 45 ደግሞ በመካከሉ ሰፊ ቀዳዳ ስላለው የሚሞላበት ትንሽ ክብ ዕቃ አለመጥፋቱን አረጋግጡ።

ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ በተራ ማጉያ ላይ በቀጥታ ቢሰካ እንደ ትንኝ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ፎኖ የሚባለው የመጀመሪያ ማጉያ በመካከል መግባት አለበት። አንዳንዱ ማጫወቻ ይህን በውስጡ ይዟል፤ አንዳንዱ አልያዘም። ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ቤቱ ደርሶ የሚያሳዝን ዝምታ ያገኛል። የማጉያው ጉልበት ግን አያስጨንቃችሁ፤ ለአንድ የኪራይ ቤት ሳሎን 20 ዋት ይተርፋል፤ ጎረቤትም ይወዳችኋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረውን ከሌላው ሁሉ አስበልጣችሁ እንድታስተውሉት እንለምናለን፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ዘመድ ከአሜሪካ ማጫወቻ ይልካል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ትራንስፎርመር ይገዛል። ነገር ግን ሌላ ልዩነት አለ፤ የእነርሱ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ይህን አይለውጥም። ሞተሩ በቀጥታ በመብራቱ ምልልስ የሚዞር የሆነ እንደ ሆነ በእኛ አገር ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል፤ 45 የነበረው 37 ተኩል፥ 33⅓ የነበረው 28 ያህል ይሆናል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይወስዳል፤ የዘፋኙም ድምፅ ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። የብዙነሽ በቀለን ድምፅ የማያውቅ የልጅ ልጅ «አያቴ የምትወዳት ዘፋኝ ድምፅዋ ወፍራም ነው» ብሎ ያድጋል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣውም እንደዚሁ ነው፤ የዚያ አገር መብራትም 60 ነውና፥ ቮልቱ ስለ ተስማማ ብቻ ሰው ይታለላል። ከአውሮፓ የሚመጣ ግን ችግር የለበትም።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ከማጫወቻው ጋር የመጣው ትንሹ የመብራት መቀበያ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፥ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፎ ከሆነና መሣሪያውን በአነስተኛ ቀጥተኛ ኀይል የሚያሠራው ከሆነ አትሥጉ። ሞተሩ ግን በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር የሚገናኝ የቆየ መሣሪያ ከሆነ፥ ቺንጋው የሚያልፍበት ትንሽ መንኰራኵር ለ50 የተሠራ መሆኑን፥ ወይም የሚለወጥ መገኘቱን አስቀድማችሁ ላኪውን ጠይቁ። ዘመድን መጠየቅ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ስጦታው ከመጣ በኋላ ሳይጫወት ሲቀመጥ ማየት ግን ላኪውንም ተቀባዩንም የበለጠ የሚያሳፍር ይመስለናል።

በሱቅ ውስጥ ስትገዙም በሻጩ ሸክላ አትርኩ፤ ከቤታችሁ አንድ ብዙ የማትሳሱለት ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና ሰዓታችሁን ይዛችሁ ቍጠሩ፤ በ45ቱ በአንድ ደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ፥ በ33ቱ በሦስት ደቂቃ ልክ መቶ ጊዜ ማለፍ አለበት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከዚያ በኋላ ሳህኑን በጎን በኩል ተመልከቱ፤ እንደ ተጣመመ የብስክሌት ጎማ ከፍ ዝቅ ካለ ተዉት። መርፌውን አሳርፉና የሸክላውን የመጨረሻ ክፍል፥ ወደ መሃሉ የቀረበውን፥ ስሙ፤ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፅ እንደ አሸዋ የሚንኰሻኰሽ ከሆነ መርፌው ያለቀ ወይም ያለቦታው የተገጠመ ነው። በክራር ወይም በማሲንቆ ረጅም ድምፅ ላይ መዋለል ከተሰማ ደግሞ ሞተሩ ወይም ቺንጋው ጤና የለውም። ለዚህ ፈተና ከፈጣኑ ዘፈን ይልቅ ረጋ ያለው ትዝታ ይሻላል፤ ፈጣኑ ብዙ ጉድለት ይሸፍናልና።

የተገዛውን ዕቃ ወደ ይርጋጨፌ ስትወስዱ የክንዱን ሚዛን ንቀሉ፤ ክንዱን በማረፊያው እሰሩ፤ ሳህኑ የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ሸክላ ከያዛችሁ በካርቶን ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ አትደራርቡት። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይጫን። መንገዱ በስምጥ ሸለቆው ወለል፥ በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል ያልፋል፤ የቀትር ፀሐይ የፕላስቲኩን ሸክላ አለስልሳ ታጥፈዋለች፤ የተጣመመ ሸክላም ከሥራ ውጭ ነው።

በቤት ውስጥ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ግንበኞች በሚይዙት ውኃ ልክ አስተካክሉ። ወለሉ እንጨት ሆኖ ሰው ሲራመድ መርፌው የሚዘል ከሆነ በግድግዳ ላይ ጠንካራ መደርደሪያ አሠርታችሁ በዚያ ላይ አኑሩት፤ ስፒከሮቹን ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። መብራት በጨዋታ መካከል ሲሄድ ክንዱን ወዲያውኑ በእጅ አንሡ፤ መሰኪያውንም ንቀሉ፤ መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ከረጋ በኋላ መልሳችሁ ስኩት። ስታብላይዘር ቢገዛ የተሻለ ነው። ሸክላውን ከውጭ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ በዝናብ ወራት ግድግዳው ያልባል፤ ሻጋታም ከልባሱ ወደ ቦዩ ይሻገራል። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጤስበት ማዕዘንም ለመርፌ አይሆንም፤ የጭሱ ቅባት ከአቧራው ጋር ተጣብቆ ቦዩን ይሞላዋል።

ስለ ማጠብ አንድ ነገር እንጨምር። የፕላስቲኩ ሸክላ በተነጠረ ውኃና በጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፥ በንጹሕ ጨርቅ፥ በቦዩ አቅጣጫ ዙሪያውን ተሞሽቶ፥ በመሃል ያለው ወረቀት ሳይርስ ሊጠረግ ይችላል። የቀድሞው ባለ 78 ግን አልኮል ከነካው ሼላኩ ይሟሟል። ቤት ያፈራውን አረቄ በሸክላው ላይ እንዳትሞክሩት።

በመጨረሻ የሚቀረው የሰብሳቢዎች ነገር ነው። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሸክላ በውጭ አገር እጅግ ተፈላጊ ሆኗል፤ በደኅና የተያዘ አንድ ትንሽ ባለ 45 በመቶዎች በሚቈጠር የአሜሪካ ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ገዢ ከደጃችሁ ቢመጣና ካርቶኑን በሙሉ በአንድ ዋጋ ልውሰደው ቢላችሁ አትቸኵሉ። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ስም፥ የአሳታሚውን ምልክትና በወረቀቱ ላይ የታተመውን ቍጥር በደብተር ጻፉ። ቀጥሎም የምትገዙት ማጫወቻ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ከሆነ፥ በአዲስ መርፌና በታጠበ ገጽ፥ እያንዳንዱን ሸክላ አንድ ጊዜ አጫውታችሁ ድምፁን አስቀሩ፤ ቅጂውንም በሁለት የተለያየ ቤት አኑሩ። ከመሸጣችሁ በፊት አባታችሁን ወይም እናታችሁን በአጠገቡ አስቀምጣችሁ ማን እንደ ገዛው፥ በየትኛው ከተማና በስንት ብር እንደ ተገዛ ጠይቃችሁ በዚያው ደብተር ከስሙ አጠገብ ጻፉ። መሸጥ ወይም ማስቀረት ከዚያ በኋላ የቤተ ሰቡ ፈቃድ ነው።